ቸኮሌት ይቀልጣል ወይስ ይሟሟል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ ኬክ ቤት እሠራለሁ። ኬክ ላይ የምናፈሰውን በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ፈሳሽ ቸኮሌት» ብዬ ብጽፈው ባልደረባዬ «የሟሟ ቸኮሌት» ነው የሚባለው አለችኝ። የትኛው ይሻላል? የተሠራበትን ስንዘረዝርስ «ከኮኮዋ» ነው ወይስ «በኮኮዋ»?

መልስ፦ ለመፍረድ አስቀድሞ የቸኮሌቱን አሠራር ማየት ይገባል። የኮኮዋ ፍሬ ቦክቶ፣ ደርቆና ተቆልቶ ሲፈጭ፣ ግማሽ ያህሉ ስብ በመሆኑ፣ ተቆልቶ እንደ ተወቀጠ ኑግ ቅባቱን ያወጣና ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። በ1828 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድሱ የቫን ሀውተን ቤተሰብ የፈጠራ መብት ያገኘበት መጭመቂያ ስቡን፣ ማለትም የኮኮዋ ቅቤውን፣ ከዚህ ፈሳሽ ለየው፤ የቀረው ተፈጭቶ የኮኮዋ ዱቄት ሆነ። ጠጣሩ ቸኮሌት ከተፈጨው ኮኮዋ፣ ከተጨማሪ የኮኮዋ ቅቤና ከስኳር ይሠራል።

ይህ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። በአማርኛ ቅቤም ሰምም ይቀልጣል እንጂ አይሟሟም፤ የሚሟሟው እንደ ጨው ያለ፣ በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ የማይታይ የሚሆን ነገር ነው። በቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ግን ስኳሩ እንኳ አልሟሟም፤ እንደ ደቀቀ በስቡ መካከል ተበትኖ ይቆያል። ጥቂት የውኃ ጠብታ ሲገባበት ቸኮሌቱ በድንገት የሚጓጉለውም ያ ስኳር ረጥቦ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ነው፤ ይህን በኬክ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «የሟሟ ቸኮሌት» በቋንቋውም በነገሩም አያስኬድም። ጠጣሩን በሙቀት አቅልጣችሁት ከሆነ «የቀለጠ ቸኮሌት» ይበሉት።

«ፈሳሽ ቸኮሌት» የሚለውን ሳይሞቅም ለሚፈሰው፣ ከኮኮዋ ዱቄት፣ ከስኳርና ከውኃ ለሚዘጋጀው ሽሮፕ ቢተዉት እመርጣለሁ። በእርሱ ውስጥ ስኳሩ በእርግጥ ሟሙቷል፤ ዱቄቱ ግን ተበጥብጧል። በሶ ይበጠበጣል እንጂ ይሟሟል እንደማይባል ሁሉ ኮኮዋም እንዲሁ ነው፤ ሲቆይ ከሥር የሚዘቅጠው ስላልሟሟ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል፣ በገመድ ይታሰራል፤ «ከ» ነገሩ የተገኘበትን፣ «በ» የተሠራበትን መሣሪያ ወይም ዘዴ ያመለክታል። «በድንጋይ የተሠራ ቤት» ማለት የተለመደ ስለሆነ «በኮኮዋ የተሠራ» የሚለውን ስሕተት አልለውም፤ ሆኖም በዝርዝር ላይ «በእጅ የተሠራ» ከሚለው ጋር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል «ከ» ይሻላል። ይህንንም «ከ» በየስሙ ላይ ይድገሙት፤ «ኮኮዋ» የሚለውም አይቅር። «ከኮኮዋ ቅቤና ዱቄት» ተብሎ ቢጻፍ ዱቄቱ የኮኮዋ ይሁን የስንዴ አይታወቅም፤ «ከኮኮዋ ቅቤና ከኮኮዋ ዱቄት» ቢባል ግን ስንዴ የማይስማማው ደንበኛ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።