ፈረስን መግራት፦ ስለ ፍርሃቱና ስለ ልቡናው ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፈረሴ ፌስታል ወይም ባጃጅ ባየ ቁጥር ይደነብራል። ስገርፈው ደግሞ ይብስበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አለንጋውን ይተዉት። ፈርቶ ሳለ ሲገረፍ የሚይዘው ነገር ባጃጅ ሲመጣ ሕመም እንደሚከተል ብቻ ነው። ፌስታሉን ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ይሰሩና ፈረሱ እያየው ሳይሸሽ የሚቆምበትን ርቀት ይፈልጉ፤ 15 ሜትር ቢሆንም ግድ የለም። እዚያው ሆነው ቀስ እያሉ ያወዛውዙት። አንገቱ ተቀስሮ፣ ጆሮው ተተክሎ፣ አፍንጫው ከተነፋ አይጠጉ። አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ወይም በረጅሙ ሲተነፍስ ግን ወዲያው፣ በሰከንድ ውስጥ፣ ዱላውን ያውርዱ። ፈረስ የሚማረው ጫናው በተነሳለት ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ፈረሱ ሲዘል ፌስታሉን ይደብቃል፣ ፈረሱም መዝለል እንደሚያዋጣ ይማራል። ከዘለለ ቀጣዩን ሙከራ ከራቅ ብለው ይጀምሩ። ሌላ ሰው ፌስታሉን ይዞ ከፊት እየራቀ ሲሄድ ፈረሱን ማስከተልም ጥሩ ነው፤ የሚርቅ ነገር ያደፋፍረዋል። በግራ ጎኑ የለመደውን በቀኝም እንደ አዲስ ያለማምዱት።

ጥያቄ፦ ሰፈር ውስጥ ደህና የነበረው በገበያ ቀን ለምን ያስቸግራል?

መልስ፦ ፍርሃት ስለሚደራረብ ነው፤ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንደሚባለው። ጥም፣ ከጓደኛው መለየት፣ ጩኸት፣ በመጨረሻ አንድ ውሻ። እኛ የምናየው ውሻውን ብቻ ነው። አስቀድመው ግን ኮርቻው የሚያርፍበትን ጀርባና ልጓም የሚነካውን ከንፈር ይዩ። ቁስል ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም።

ጥያቄ፦ ለጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የማዘጋጀው ፈረስ መነሻ ቦታው ላይ አልቆም ይላል።

መልስ፦ ሁልጊዜ ከዚያ ስለሚጋልብ ቦታው ራሱ «ሩጥ» የሚል ምልክት ሆኖበታል። ከአምስት አራቱን ጊዜ ወደ መነሻው ይውሰዱት፣ ልጓሙን አላልተው ያቁሙት፣ ከዚያ በእርምጃ ይመልሱት። አጥብቆ መያዝ ይበልጥ ያጋግለዋል።

ጥያቄ፦ የጋላቢውን ፍርሃት ያውቃል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሰውነታችንን ያነባል። በርሊን ውስጥ ሃንስ የተባለ ፈረስ ሂሳብ ያሰላል ተብሎ ነበር፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሲመረምረው፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም ይሳሳታል። ለካስ መምታቱን የሚያቆመው የጠያቂውን ጥቃቅን የራስ እንቅስቃሴ አይቶ ነው። ስለዚህ ልጓም ከመሳብዎ በፊት ትንፋሽዎን ያውጡ፣ ጭንዎን ያላሉ።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት ላሠልጥን?

መልስ፦ ለጀማሪ ፈረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የጠየቁትን በደንብ ሲያደርግ እዚያው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ግርግሙን እየነከሰ አየር ይውጣል። እንዴት ላስተወው?

መልስ፦ በቅጣት አይተውም። ፈረስ በተፈጥሮው የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ሲግጥ የሚውል እንስሳ ነው፤ ብቻውን ታስሮ ጥሬ ብቻ ሲሰጠው እንዲህ ያለ አመል ያወጣል። ድርቆሹን ያብዙለት፣ ሌላ ፈረስ የሚያይበት ቦታ ይሰሩት፣ በየቀኑም ወደ መስክ ያውጡት። የቆየ አመል ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ይቀንሳል።