አሮጌ ካራቫን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያየሁት ካራቫን (በመኪና የሚጎተተው ቤት) ከውጭ አዲስ ይመስላል። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለሙን ተወውና ወደ ውስጥ ግባ። የብዙዎቹ አሮጌ ካራቫኖች አጥንት ከላሜራው ሥር ያለው እንጨት ነው። ውሃ በጣሪያው መገጣጠሚያና በመስኮቶቹ ዙሪያ ይገባል። ከዚያ በግድግዳው ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። እንጨቱ በስብሶ እስኪያልቅ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የመስኮቶቹን ሥር፣ የጣሪያውን ጥግና የቁም ሳጥኑን ውስጥ በአውራ ጣትህ ተጫን። ለስለስ ካለ ውሃ በልቶታል። ወለሉንም ጥግ ጥጉን እየረገጥክ እይ። በሩ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ከተቀበለህ አፍንጫህን እመን። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካየህ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ከቻልክ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂድ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቢበሰብስስ?

መልስ፦ ትንሽ መሆኑ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። የእኔ ካራቫን መዳፍ የምታህል ጥቁረት ብቻ ነበረችው። ግድግዳውን ሳነሳው እንጨቱ እስከ ወለሉ ድረስ ዱቄት ሆኗል። ጠግኜዋለሁ፤ ግን አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ። ጊዜ ከሌለህ አትግባበት።

ጥያቄ፦ ሻንሲው ዝጓል።

መልስ፦ ላይ ላዩን ከሆነ በብረት ብሩሽ ይለቃል። በመዶሻ ሲመታ የሚበሳ ከሆነ ወይም መጎተቻው አካባቢ ብየዳው ከተሰነጠቀ ግን ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ የጎማው ጥርስ አላለቀም። ልቀይረው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን እዪ። የካራቫን ጎማ ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው የምርት ኮድ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አንብቢ። 2316 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ቀይሪው። ኩሽኔታውንም አስከፍተሽ አዲስ ግራሶ አስደርጊበት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ይጎትተዋል?

መልስ፦ ባዶውን ሳይሆን ዕቃው ከተጫነ በኋላ ያለውን ክብደት ከመኪናህ መመሪያ ጋር አመሳክር። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው።

ጥያቄ፦ ገዝቼዋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጣሪያው። መጋረጃና ፍራሽ መምረጡ እንደሚያጓጓሽ አውቃለሁ፤ ግን ይቆይ። መስኮቶቹን አውልቂ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቀሽ አንሺ፣ ከዚያ በቡቲል ቴፕ (ውሃ በማያስገባ ተለጣፊ ማሸጊያ) መልሰሽ ግጠሚያቸው። በአሮጌው ላይ ሲሊኮን አትለቅልቂ፤ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም። የጋዙን መስመር ለባለሙያ ስጪ።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሊብሬው ጠፍቷል ይላል።

መልስ፦ ሊብሬው ሳይገኝ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም በዓይንህ ሳታመሳክር ቀብድ እንኳ አትስጥ።