ፕሎቭዲቭን ለሰመር፦ ጋሽ መላኩን ጠይቁ

ርካሽ የሰመር ከተማ የሚፈልግ ሰው ስለበዛ ጋሽ መላኩን ጋብዘናል። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ሄደው ቡልጋሪያ የተማሩ ናቸው፤ አሁንም ይመላለሳሉ።

ሠናይት (ሙኒክ)፦ ጋሽ መላኩ፣ ፕራግ አይሻልም?

መላኩ፦ ፕራግ በሰመር መላወሻ የለም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ፕሎቭዲቭ የቡልጋሪያ ሁለተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ነበረች፤ ብዙ ሰው ግን ሶፊያን ብቻ አይቶ ይመለሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በቀትር አትውጡ።

ዮናስ (ፍራንክፈርት)፦ እንዴት ይኬዳል?

መላኩ፦ ወደ ሶፊያ ብረር። ከተርሚናል 2 ሜትሮ ይዘህ ዋናው አውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ። ባቡሩ ቀርፋፋ ነው።

ቤዛ (ሮም)፦ ሌቭ የት ልመንዝር?

መላኩ፦ የትም። የቡልጋሪያ ገንዘብ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዩሮ ነው፣ ሌቭ ቀርቷል።

ሚኪ (ዱባይ)፦ ቪዛስ?

መላኩ፦ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሃል፤ የዱባይ መኖሪያ አይሠራም። የጀርመን ወይም የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ያለው ግን ይገባል። ከዚህ በላይ ኤምባሲ ጠይቅ።

ሠናይት፦ እሺ፣ ምን ይታያል?

መላኩ፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣሽ! ዋናው የእግረኛ መንገድ ላይ ስትሄጂ ከእግርሽ ስር የሮማውያን ስታዲየም አለ። 240 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 30 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። የሚታየው የሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሌላው ሱቅና ቤት ተሠርቶበታል። ጁማያ መስጊድ አጠገብ ቆመሽ ቁልቁል የእብነ በረድ መቀመጫውን ታያለሽ፣ በነጻ። ከዚያ ሽቅብ ወደ አሮጌው ከተማ። የድንጋይ ንጣፉ ወጣ ገባ ነው፤ ታኮ ጫማ ይቅርብሽ። እዚያ ያለው የሮማውያን ቲያትር የ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ተቀብሮ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሬት ሲንሸራተት ብቅ አለ። ዛሬም በሰመር ማታ ማታ ኦፔራና ኮንሰርት ይቀርብበታል። ከመድረኩ ወዲያ የሮዶፔ ተራሮች ይታያሉ። ቲኬት ያልገዛ ከላይ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል፤ እኔ ተማሪ እያለሁ ገና እየጠገኑት ነበር። ሲመሽ ካፓና ሰፈር ውረዱ። በቀትር ግን አደራ፣ ያ ድንጋይ ምጣድ ነው።

ወይንሸት (ሮተርዳም)፦ ባችኮቮ ገዳም ለመሳለም አስበናል። ፍልሰታ ነው፣ የጾም ምግብ አለ?

መላኩ፦ እ.ኤ.አ. በ1083 የተመሠረተ የእመቤታችን ገዳም ነው፣ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። የሚነግሠው ኦገስት 15 ነው። ያን ቀን እነሱ ጾሙን ፈትተዋል፣ እኛ ገና ነሐሴ 9 ላይ ነን። ቦብ ቾርባ በሉ፣ የቦሎቄ ሾርባ ነው። ሥጋ እንዳይገባበት ጠይቁ። ሾፕስካ ሰላጣው አይብ አለበት።

ዳዊት (ስቶክሆልም)፦ መንገደኛ አይጾምም እኮ።

ወይንሸት፦ ሽርሽር የሄደ ደግሞ መቼ ነው መንገደኛ የሆነው?

ዳዊት፦ የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል።

ቤዛ፦ ቆይ፣ እነሱስ ለምን ቀድመውን ይፈታሉ?

መላኩ፦ ይህን ለቄሶቻችሁ። ሌላ ጥያቄ?

ሀብቴ (ኦስሎ)፦ በአጠቃላይ ስንት ያስወጣል?

መላኩ፦ ስንት ሆናችሁ? የት አድራችሁ? እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

ሀብቴ፦ ይቅርታ ጋሼ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች፣ ጁላይ መጨረሻ።

መላኩ፦ እንዲህ በል እንጂ! ሆቴሉን ተውና ከመሀል ከተማ ብዙ ያልራቀ አፓርታማ ተከራይ። ቁርስ ከዳቦ ቤት ነው፣ ትኩስ ባኒትሳ (አይብ ያለበት ጥቅል ኬክ) እና አይራን (የእርጎ መጠጥ)፤ ልጆቹ ይወዱታል። ከተማው በእግር ያልቃል፣ ታክሲ አያስፈልግህም። ኤሲ የሌለው ቤት ግን እንዳትከራይ፤ ርካሽ ነው ብለህ ገብተህ ሌሊቱን አትተኛም።

ሚኪ፦ ሌቭ ይዤ ልሂድ ወይስ ዶላር?

መላኩ፦ ከላይ አንብብ።

ዮናስ፦ አስተናጋጁን «አላችሁ?» ስለው ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ፣ ግን አላመጣም።

መላኩ፦ የለም ማለቱ ነው። እዚያ ግራና ቀኝ ከወዘወዘ ነው አለ ማለት። አንዳንዱ ደግሞ ለእንግዳ ብሎ ይገለብጠዋል፤ በቃል ጠይቅ።

ሠናይት፦ ጋሼ፣ የእኛ አውቶቡስ የሚያደርሰን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የት እንሂድ?

መላኩ፦ ሻንጣችሁን አስቀምጡና ተኙ።