ሲሊንደር ወይስ ማሽን? እናቴን በኦክስጅን ካስታመምኩባቸው ሦስት ዓመታት

ወንድሜ፣ አባትህ ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ኦክስጅን እንዳዘዘላቸው፣ ሲሊንደር ትገዛ ወይስ የኤሌክትሪክ ማሽን ግራ እንደገባህ፣ ጎረቤቶችም «አንዴ ከለመዱት አይላቀቃቸውም» እያሉ እንዳስፈሩህ ጽፈሃል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በማገዶ ጭስ ሳንባዋ የተጎዳ እናቴን አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ዓመት በኦክስጅን ያስታመምኩ ልጅ ነኝ። ያየሁትን ልንገርህ።

ከፍርሃቱ ልጀምር፤ እኛን ከገንዘቡ በላይ ያስከፈለን እሱ ነው። እናቴ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ግን መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጀራ ጋግራለች። ኦክስጅን ሲታዘዝላት አክስቶቼ «ይህ የሚደረገው ለሚሞት ሰው ነው» ብለው አለቀሱ። እሷም «ከለመድኩት ያለሱ መተንፈስ ያቅተኛል» ብላ እምቢ አለች። ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ። በእነዚያ ሁለት ወራት እግሯ አበጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቀመጥ ጀመር። በኋላ ሐኪሟ ቁጭ ብሎ አስረዳን፦ በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ቀኙ የልብ ክፍል በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ሲለፋ ይደክማል፤ እግሯም ያበጠው ለዚሁ ነው። ኦክስጅን ሱስ አያስይዝም። አባትህ ቱቦውን ሲያወልቁ ቢደክማቸው፣ ያደከማቸው ከቱቦው በፊትም የነበረው የሳንባ ሕመም ነው። ይህን ለጎረቤቶችህ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸው ለአባትህ በቀስታ ንገራቸው፤ የሚፈሩት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ግዢው ከመሄድህ በፊት ወደ ሐኪሙ ተመለስ። «ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል» ማለት ብቻውን ትእዛዝ አይሆንም፤ መድኃኒት ስለሆነ መጠን አለው። ተቀምጠው በደቂቃ ስንት ሊትር፣ ሲራመዱ ስንት፣ ተኝተው ስንት፣ በቀን ስንት ሰዓት? አጽፈህ ውሰድ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ሲደክማት ብቻ ነበር የምትሰካው፤ እኛም ያ የሚበቃ መስሎን ነበር። ዘወትር ኦክስጅናቸው ዝቅ ለሚል ሕሙማን ግን ሐኪሞች የሚያዙት በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱም አብሮ ይቆጠራል። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናት በቀን 15 ሰዓት የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በሕይወት እንደሚቆዩ ካሳየ ወዲህ ይህ ሰዓት የታወቀ መለኪያ ሆኗል።

መጨመርም እንደ መቀነስ አደገኛ ነው። አንድ ሌሊት እናቴ ስታቃስት ወንድሜ አዘነላትና ከ2 ወደ 5 ሊትር ከፍ አደረገላት። ጠዋት ራሷን እያመማት፣ ዐይኗ እየከበደ፣ የጠየቅናትን ሳትመልስ አገኘናትና ይዘናት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥን። እንዲህ ያለ የቆየ የሳንባ ሕመም ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪሟ በጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲያሳይ ብቻ እንድንጠብቅ፣ 98 ለማየት እንዳንጓጓ አዘዘን። የአባትህን ልክ ሐኪማቸው ይንገርህ፤ ማዞሪያውን ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይንካው። ስትለካም እጃቸው ይሙቅ፤ እናት ለሚያስታምሙ ደግሞ፣ ጥፍር ላይ ያለ ቀለም ወይም እንሶስላ ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 40 ሊትር የሚይዘው ረጅሙ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በደቂቃ 2 ሊትር ከወሰዱ 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ነው። በቀን 15 ሰዓት ከሆነ በየሦስት ቀኑ ገደማ ለማስሞላት ትሮጣለህ ማለት ነው። ባለ 10 ሊትሩ ትንሹ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሄዳል። እኛ ለአራት ወር በሲሊንደር ብቻ ኖረን የትራንስፖርቱና የተሸካሚው ወጪ አደቀቀን። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ማሽኑ የዘወትር ይሁን፣ አንድ ሲሊንደር ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ተሞልቶ ቤት ይቀመጥ። ማሽኑ ኦክስጅን አይጨርስም፤ ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን እያጣራ ያስቀርና ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሆነውን ይሰጣል።

ማሽን ስትገዛ እኛ የተሞኘንበትን ተጠንቀቅ። አሜሪካ ያለች እህቴ ያገለገለ ትልቅ ማሽን ላከችልን። በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር ነው) የሚሠራ ነበር፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። ማሽኑ ይግል፣ ይጮኽ ነበር፤ አየር ከቱቦው እየወጣ ስለነበር ግን የሚሠራ መሰለን። በመጨረሻ አንድ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ንጹሕነቱን ሲለካው ከሚገባው እጅግ ወርዶ አገኘው። አየር መውጣቱ ኦክስጅን መውጣቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ከሆነ የሠራበትን ሰዓት ቆጣሪው ላይ ተመልከት፣ የኦክስጅኑ መጠን በመለኪያ ሳይታይ ብር አትክፈል። ከፍታውንም ጠይቅ፤ አንዳንድ ማሽኖች ዋስትና የሚሰጣቸው እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ከዚያ ይበልጣል።

መብራቱ ሌላ ጣጣ ነው። ባለ 5 ሊትር ማሽን ወደ 350 ዋት ይፈጃል፤ ይህ ብዙ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል። መስመሩን አስለይ፣ ስታቢላይዘርም ጨምርበት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የሚያሰማውን ጩኸት ከቤተሰቡ ሁሉም ሰው ይወቀው፤ ወደ ሲሊንደሩ መቀየርን ቀን ላይ ተለማመዱት። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርነው በሌሊት፣ በስልክ መብራት ነበርና ቁልፉን እስክናገኝ ድረስ የእናቴን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ስለ እሳት ደግሞ አጥብቄ እለምንሃለሁ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ሁሉ ግን ያፋፍማል፤ በልብስና በአንሶላ ውስጥም ይቆያል። የቡና ከሰል፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ የጋዝ ምድጃ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቁ። ሲጋራ በዚያ ክፍል ጭራሽ አይታሰብ። እናቴ ቡናውንና ዕጣኑን መተው ከበዳት፤ ጭሱም ቢሆን ለሳንባዋ መርዝ ነበር። ቡናው በረንዳ ላይ ተፈልቶ ሲኒው ብቻ እንዲገባላት አደረግን። በራስ ላይ የሚደረግ ቅቤ፣ ፊት ላይ የሚቀባ ቫዝሊንም እንዲሁ ከቱቦው ይራቅ፤ አፍንጫ ሲደርቅ በውሃ የተሠራ ቅባት ይሻላል። ቅባት በነካ እጅ የሲሊንደሩን ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) ፈጽሞ አትንካ። ሲሊንደሩም ቆሞ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ይታሰር።

በትከሻ የሚንጠለጠለውን ትንሹን ማሽን ስለጠየቅከው፦ በባትሪ ይሠራል፤ ቻርጀሩም አብዛኛውን ጊዜ ለአገራችን መብራት ይሆናል፤ እህቴ በኋላ የላከችው እሱን ነው። ግን አብዛኞቹ ኦክስጅን የሚሰጡት ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው «2» በደቂቃ 2 ሊትር ማለት አይደለም። ተኝተው በቀስታ ሲተነፍሱ ማሽኑ ትንፋሻቸውን ላያውቅ ስለሚችል ሐኪም ካልፈቀደ ለሌሊት አይሁን። ከመግዛትህ በፊት አባትህን እያራመድክ በጣት መለኪያው ፈትነው። ለእናቴ ግን ይህች ትንሽ ማሽን ዓለሟን መለሰችላት። አንድ ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ከጭሱ ርቃ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጣ አስቀደሰች። ለሠርግም ሄዳለች፤ ቱቦውን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር፤ ከዓመት በኋላ መሸፈኑን ተወችው።

ዛሬ ማታ ሐኪሙ የሚያዘውን ሊትርና ሰዓት፣ ቤታችሁ ያለበትን ከተማ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መብራት እንደሚጠፋባችሁም ጽፈህ ላክልኝ። ምን ያህል ሲሊንደር እንደሚያስፈልጋችሁ አብሬህ አሰላለሁ። እስከዚያ ድረስ ለማንም ቅድሚያ ክፍያ አትስጥ።