ዳገት ላይ ሙቀት፣ ተዳፋት ላይ መንተፋተፍ

ጥያቄ፦ የፎርዊል መኪናዬን የካርቡሬተር ሞተር አውጥቼ ባለ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ) አስገባሁ። አስፋልት ላይ ደህና ናት፤ ድንጋያማ ዳገት በዝግታ ስወጣ ግን ሙቀቷ ይንራል። ነዳጅ ከሩብ ሲያንስ ደግሞ ተዳፋት ላይ ትንተፋተፋለች።

መልስ፦ በፍጥነት ስትሄድ ካልሞቀች፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየር እጥረት ነው። ፋኑ የራዲያተሩን መሀል ብቻ እየሳበ ከሆነ ዳርና ዳሩ ሥራ ፈት ነው፤ ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን መከለያ ይግጠሙ። ራዲያተሩ ከሞተሩ ዝቅ ካለም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ አየር ይታመቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አፍንጫዋን ሽቅብ አቁመው፣ የማሞቂያውን ቁልፍ ከፍተው የራዲያተሩን ውሃ ይሙሉ። ትኩስ ራዲያተር እንዳይከፍቱ!

ወደ ነዳጁ ስንመጣ፣ የካርቡሬተር ፓምፕ 0.3 እስከ 0.5 ባር ገደማ ግፊት ነው የሚሰጠው፤ ኢንጀክሽን በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ይፈልጋል። ፓምፑን ቀይረው ይሆናል፤ የድሮው ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንክ) ግን ነዳጁን መሳቢያው ዙሪያ የሚይዝ ኩባያ ስለሌለው ሲያዘነብል ፓምፑ አየር ይስባል። 1 ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ታንክ መሀል ላይ ያስገቡ። የድሮው ዓይነት ፓምፕ ይሙላት፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ከሥሯ ይሳብ፣ ከሞተሩ የሚመለሰው ነዳጅም ወደ እሷ ይግባ፤ ትርፉ ከአናቷ ወደ ሰርባቶዮው ይወርዳል። የካርቡሬተር የነዳጅ ጎማ ቱቦ ግን ይህን ግፊት አይችልም፤ ለኢንጀክሽን በተሠራ ይቀይሩት።