ስለ ድሮ የእንግሊዝ ከባድ መኪኖች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድሮ የእንግሊዝ ጭነት መኪናዎችን ነገር ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ለማታውቁኝ፦ ከ1984 ጀምሮ ላንካሸር ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ መፍቻ ከእጃቸው ያልወጣ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከምጽፈው ግማሹ በእጄ የነካሁት፣ ግማሹ ከእሳቸው የሰማሁት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁልጊዜ «ጋርድነር፣ ጋርድነር» ትላለህ። መኪና ነው ወይስ ሞተር? ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደህ?

መልስ፦ ሞተር ነው። ፋብሪካው ማንቸስተር አጠገብ ፓትሪክሮፍት የሚባል ሰፈር ነበር። ጭነት መኪናውን ራሱ አይሠራም፤ ሞተሩን ፎደን፣ ኢአርኤፍ፣ አትኪንሰን፣ ጋይ ለሚባሉት የጭነት መኪና ፋብሪካዎች ይሸጥላቸዋል። ስሙን የተከለው በ1930ዎቹ የወጣው ኤልደብሊው የሚባለው የናፍታ ሞተር ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 8.4 ሊትር ሆኖ 102 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዎ፣ 102። የዛሬ ጎታች መኪና 500 ይዞ ይወጣል። በዚያች 102 ነው ባለ ስምንት ጎማው ከነጭነቱ 22 ቶን ሆኖ ዳገት የሚወጣው። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ይወጣል። ደግሞ ናፍታ አያበዛም።

የብርድ ጠዋት አነሳሱን ባየህልኝ። ሞተሩ ላይ እመቃውን የሚለቁ ትናንሽ እጀታዎች አሉ። እነሱን ትከፍታለህ። ማኖቬላውን፣ ማለት በእጅ የሚዞረውን የማስነሻ ብረት፣ ከፊት አስገብተህ ታዞራለህ። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ አንዷን እጀታ ትመልሳለህ። አንዱ ሲሊንደር «ዱም» ይላል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳትሰጠው በዝግታ ሲሠራ፣ ሲረጋ ምቱን በጣትህ መቁጠር ትችላለህ። የኔ ሽማግሌ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ሦስተኛው» ይላሉ። ስንከፍተው ሦስተኛው ነው። እኔ ይህን ለመስማት አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ፎደንና ኢአርኤፍ ሁለቱም ሳንድባች ከሚባል ከተማ ናቸው ይባላል። ዘመዳሞች ናቸው?

መልስ፦ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች የተለያዩበት ታሪክ ነው። ፎደን ቼሸር ውስጥ በእንፋሎት መኪና የከበረ ቤት ነበር። የራሱ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሁሉ አለው፤ ባንዱ ከ1900 ጀምሮ ዛሬም ይጫወታል። ከልጆቹ አንዱ ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ግን «የእንፋሎት ዘመን አልቋል፣ ወደ ናፍታ እንሂድ» አለ። ሌሎቹ እሺ አላሉም። እሱም ጥሎ ወጣ። በ1933 እዚያው ሳንድባች፣ በጡረታ ዕድሜው፣ የራሱን ፋብሪካ ጀመረ። ኢአርኤፍ ማለት የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው። የመጀመሪያው መኪና የሻንሲ ቁጥር 1 አይደለም፤ 63 ነው። ሰውየው 63 ዓመቱ ነበርና። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ጋርድነር ነበር።

እሱ ልክ ነበር። በዚያው በ1933 አካባቢ ቀረጡ በመኪናው ባዶ ክብደት ላይ ሲጠነክር ቦይለርና ውሃ ተሸክሞ የሚሄደው የእንፋሎት መኪና አከተመለት። ፎደንም ዞሮ ናፍታ ገባ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ለሰባ ዓመት ያህል ጎረቤትም ተፎካካሪም ሆነው ኖሩ።

ጥያቄ፦ የሌይላንድ መኪኖች ስም ለምን የእንስሳ ሆነ?

መልስ፦ ለገበያ ነው፤ ግን አመራረጡ ደስ ይለኛል። ባለ ስምንት ጎማው ኦክቶፐስ ነው፤ ስምንት እጅ ስላለው። ባለ ስድስቱ ሂፖ፣ ማለት ጉማሬ። ባለ አራቱ ቢቨር። ኤኢሲ የሚባለው ሌላው ፋብሪካ ደግሞ በኤም ፊደል ሙጭጭ አለ፦ ማሞት ሜጀር፣ ማታዶር፣ ማንዴተር፣ መርኩሪ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ አያት እንግሊዛዊ ናቸው። «አባቴ ስድስት መኪና ነበረው፣ መንግሥት ወስዶ ቀይ ቀለም ቀባው» ይላሉ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር እንዴ?

መልስ፦ ነበር። እኛ «ተወረሰ» ሲባል ቶሎ የሚመጣብን የራሳችን ታሪክ ነው፤ ይኼኛው ካሣ ተከፍሎበታል። ሆኖም ሰውየው መኪናውን መልቀቁ አልቀረለትም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሌበር መንግሥት በ1947 ሕግ አወጣ። ረጅም መንገድ የሚሠሩ የጭነት ድርጅቶች ወደ መንግሥት ገቡ፤ ሥራው ከ1948 ጀመረ። ብሪቲሽ ሮድ ሰርቪስስ፣ በአጭሩ ቢአርኤስ ተባለ። ከየመንደሩ ሁለትም አምስትም መኪና ያለው ባለቤት ቁልፉን አስረከበ። ያልተወሰደበት ደግሞ ለኪራይ ሲሠራ ከጣቢያው 25 ማይል በላይ እንዳይርቅ ተከለከለ። የራሱን ዕቃ የሚጭን ነጋዴ ግን አልተነካም። ቢአርኤስ ሲሞላ ከ40,000 በላይ መኪና ነበረው። የጠቅላላ ጭነቱ ቀይ፣ የጥቅል ዕቃው አረንጓዴ ነው። በሩ ላይ የአንበሳና የመንኮራኩር ምልክት አለ።

አስቡት፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀለም ነበረው። የባለቤቱ ስምና የከተማው ስም ከካቢናው አናት ላይ በእጅ ይጻፋል። ጸሐፊው ብሩሹን በቀጭን ዘንግ ላይ እጁን አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከወርቃማው ፊደል ጎን ጥላውን ይስላል። የኔ ሽማግሌ በልጅነታቸው ያን ፊደል በቀይ ሲሸፍኑት ቆመው አይተዋል። ቀለሙ በፀሐይ ሲደበዝዝ የድሮው ስም ከቀዩ ሥር ብቅ ይል ነበር አሉኝ።

በ1951 ኮንሰርቫቲቮች ተመረጡ፤ በ1953 የመሸጫውን ሕግ አወጡ። ብዙ የድሮ ባለቤቶች የገዛ ሥራቸውን መልሰው ገዙ። ሽያጩ ግን በ1956 መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ የቀረው በመንግሥት እጅ ቆየ። በመጨረሻ በ1982 ሠራተኞቹ ራሳቸው አዋጥተው ገዙት። ለአያታችን ሰላምታ ይድረስልኝ። የአባታቸው መኪና ምን እንደነበረ ጠይቁልኝ።

ጥያቄ፦ አሁን በቀን ደርሶ መልስ የምነዳውን መንገድ እነሱ በስንት ቀን ይሄዱት ነበር?

መልስ፦ እስከ 1957 ከባድ መኪና በሰዓት ከ20 ማይል በላይ እንዳይሄድ ሕግ ነበር። 32 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከለንደን ግላስጎው 400 ማይል ይጠጋል። አስላው። የመጀመሪያው ረጅም አውራ ጎዳና ኤም 1 የተከፈተው በ1959 ነው። ስለዚህ መንገዱ በየከተማው መሃል፣ በየገበያው ያልፋል።

ካቢናው አልጋ የለውም። ሹፌሩ «ዲግስ» በሚሏቸው ማደሪያ ቤቶች፣ ከማያውቀው ሹፌር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። ሌላው ዘዴ የሌሊት ቅብብል ነው። አንዱ ከለንደን፣ አንዱ ከማንቸስተር ይነሳሉ። መሃል ላይ ተገናኝተው መኪና ይለዋወጡና እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠዋት ሚስቱ ጋር ነው።

ሁሉም የሚፈሩት ዳገት ግን ሻፕ ነው። ከኬንዳል ወደ ሰሜን ኤ6 በሚባለው መንገድ ላይ ይወጣል፤ 400 ሜትር አልፎ። ክረምት በረዶ ይዘጋዋል። አሥር፣ ሃያ መኪና ተሰልፎ አንዱ የአንዱን ኋላ መብራት እያየ በአንደኛ ማርሽ ያዘግማል። ጃንግል የሚባል ሻይ ቤት ነበረ፤ በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ የሌይላንድ ኩባንያ ያቆመው ትልቅ ሰዓት። በ1970 ኤም 6 የሚባለው አውራ ጎዳና ሲከፈት መንገዱ ጭር አለ። ሰዓቱን አንስተው ኬንዳል ከተማ ተከሉት። በዚያ ካለፋችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ኮመር የሚባለው መኪና ድምፁ ልዩ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት። ቲኤስ3 የሚባለው ሞተር ሦስት ሲሊንደር፣ ስድስት ፒስተን ነው። ሁለት ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ቴስታታ፣ ማለት የሲሊንደር ክዳን የለውም፣ ቫልቭ የለውም። ሁለት ምት ስለሆነ ዳገት ላይ እንደ ትልቅ እሽቅድምድም መኪና ያጓራል። ከሩቅ «ኮመር መጣ» ትላለህ፤ ትክክል ነህ።

ጥያቄ፦ ከኛው ኤንትሬ፣ ከጣሊያኑ የፊያት ጭነት መኪና ጋር ብታወዳድራቸው ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ኤንትሬን ለኔ አታስነኩኝ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት ኤንትሬ ትሻላለች፤ ለእንግሊዝ ዝናብና ለነዳጅ ቁጠባ ጋርድነር የያዘ አትኪንሰን። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ብዙዎቹ ኤንትሬዎች ጣሊያን በቀኝ የሚነዳ አገር ሆኖ ሳለ መሪያቸው በቀኝ ነበር። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን ፎደን ስወጣ ወንበሩ ቤቴ መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከነበሩ ታዲያ የት ጠፉ? ዛሬ መንገዱ ሁሉ ቮልቮ፣ ስካኒያ፣ ዳፍ ነው።

መልስ፦ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰው «ውህደቱ ነው የገደላቸው» ይላል። ከፊል እውነት ነው። ሌይላንድ ሌሎቹን ፋብሪካዎች፣ አልቢዮንን በ1951፣ ስካመልን በ1955፣ ኤኢሲን በ1962 ጠቀለለ። በ1968 ደግሞ ከቤት መኪና ፋብሪካዎቹ ጋር ተደበላልቆ ብሪቲሽ ሌይላንድ ሆነ። የከባድ መኪናው ትርፍ የቤት መኪናውን ኪሳራ ሲደጉም ኖረ።

እኔ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው ባይ ነኝ። ሹፌሩን ረስተውታል። ሞተሩ ለሃያ ዓመት ይሠራል፣ ሻንሲው አይታጠፍም። ካቢናው ግን የእንጨት አጥንት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የለም፤ ካለም እንደ ተጨማሪ ዕቃ በገንዘብ ነው። ሹፌሩ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ይሸጉጣል፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ያለብሳል፣ እግሩን በጆንያ ይጠቀልላል። ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ ረዳቱን ለማነጋገር መጮህ አለበት። መኪናውን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ካቢና ውስጥ አያድርም።

በ1967 ስዊድኖቹ ኤፍ86 የሚባለውን ቮልቮ ይዘው መጡ። በጣም ኃይለኛ መኪና አልነበረም። ግን ካቢናው ይሞቃል፣ ጸጥ ይላል፣ ወንበሩ እንደ ሰው ወንበር ነው፤ መለዋወጫም ቶሎ ይመጣል። አንዴ የነዳው ሹፌር ወደ ድሮው አልመለስም አለ። እንግሊዞቹም ነቅተው ነበር፤ ሌይላንድ በ1964 ወደ ፊት የሚጋደም ዘመናዊ ካቢና፣ በ1980 ደግሞ ሮድትሬይን የሚባል በእውነት ጥሩ መኪና አወጣ። ዘገየ። የሳውዝሆል ኤኢሲ በ1979፣ የዎልቨርሃምፕተኑ ጋይ በ1982፣ የዋትፎርዱ ስካመል በ1988 ተዘጉ። ፎደን በ2006፣ ኢአርኤፍ በ2007 ስማቸው ቀረ። ሌይላንድ ከተማ ያለው ፋብሪካ ግን ዛሬም ይሠራል፤ የሚያወጣው ዳፍ ነው።

ጥያቄ፦ ቤድፎርድ ቲኬ ገዝቼ ማደስ እፈልጋለሁ። ምን ልይ?

መልስ፦ ጥሩ መርጠሃል። ቲኬ በ1960 የወጣ፣ ሠራዊቱ፣ እሳት አደጋው፣ የድንጋይ ከሰል ነጋዴው ሁሉ የነዳው ነው፤ ስለዚህ መለዋወጫ ይገኛል። ሞተሩ አያስፈራህ። ቆርቆሮውን ፍራ። ምንጣፉን አንሳና የካቢናውን ወለል እይ፣ የበሩን ታች በጣትህ ተጫን። ቀለም ብቻ ይዞት የቆመ ከሆነ ይሰማሃል። የምትገዛው ከቲኬ የቆየ፣ ካቢናው የእንጨት አጥንት ያለው ከሆነ ግን መጀመሪያ አናጢ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ወስጄ የማሳያቸው የት ነው?

መልስ፦ ሌይላንድ ከተማ የብሪታንያ የንግድ ተሽከርካሪዎች ሙዚየም አለ። በየዓመቱ ደግሞ ከለንደን ብራይተን የድሮ ጭነት መኪኖች ይነዳሉ፤ ከ1962 ጀምሮ። ለልጆች ይኼኛው ይሻላል፤ እየሄዱ ያዩአቸዋል። በማለዳ ድረሱ፣ ሞተር ሲያስነሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ስለ መኪና አላውቅም። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ብዙ አያወሩም። ግን ሁልጊዜ የጋዋናቸውን መታጠቂያ ወንበሩ ላይ አንድ ዓይነት አድርገው ይቋጥሩታል፣ ይፈቱታል፣ እንደገና ይቋጥሩታል። ምን እያደረጉ ይመስልሃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭነት እያሰሩ ነው።

ያኔ መጋረጃ ያለው ተሳቢ የለም። ጭነቱ ክፍት አልጋ ላይ ይደረደራል፣ ከላይ ከባድ ሸራ ይለብሳል፣ ከዚያ በገመድ ይታሰራል። ቋጠሮው «ዶሊ» ይባላል። ገመዱን ከላይ ወርውረህ፣ መሃሉ ላይ አጥፈህ ጠምዝዘህ ቀለበት ትሠራለህ። የታችኛውን ከአልጋው ሥር ካለው መንጠቆ አዙረህ ትስባለህ። ገመዱ በራሱ ላይ ስለሚዞር ጉልበትህ ይባዛል። በሙሉ ሰውነትህ ተንጠልጥለህ ነው የምትስበው። ሲፈታ ደግሞ አንድ ስበት ብቻ ነው፤ ምንም ቋጠሮ አይቀርም። ሸራው ሲረጥብ ሁለት ሰው አያነሳውም። ገመዱ ክረምት ላይ በረዶ ይሆንና እጅ ይልጣል። መዳፋቸውን እዪው፣ ጠባሳው አሁንም ይኖራል። ጭነቱን አሳምሮ ያሰረ ሹፌር ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ የሸራው እጥፋት እንደ ፖስታ ጥግ ስል ነው።

መታጠቂያው አጭር ነው፤ አይበቃቸውም። አለቃሽን አስፈቅጂና፣ አንቺ አጠገባቸው እያለሽ፣ ሦስት ሜትር የሚሆን ለስላሳ ወፈር ያለ ገመድ ስጪያቸው። ጫፉን ጠረጴዛው እግር ላይ እሰሪላቸው። ከዚያ «ዶሊ አሳዩኝ» በያቸው። ያሉሽን ጻፊልኝ።