ማንሆል ሲገነፍል ከሽታው በፊት ውሃችሁን ጠርጥሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ፍሳሽ ናቸው። ማንሆል ገነፈለ፣ ቱቦ ተደፈነ፣ ሰፈሩ ሸተተ። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ላቆየውና እነዚህን ልመልስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንባቢ ናት። ብሎካቸው ፊት ያለው ማንሆል ከገነፈለ ሰነባብቷል። ሰፈርተኛው አፈርና ጠጠር ደፍቶበት በላዩ እየተሻገረ ነው። ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ሲሆን፣ ሰሞኑን ሲመጣ ደፈረስ ብሎ ይሸታል። «ክረምት ስለሆነ ነው» ተብለዋል። የማንሆሉን ሽታ የሚያጠፋ ምን እንርጭበት ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሽታውን ለጊዜው ተዪውና ስለ ውሃው እናውራ። ያስደነገጠኝ ደብዳቤሽ መሐል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር ነው።

የመጠጥ ውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር በብዙ ሰፈር ከመሬት በታች ተቀራርበው ነው የሚያልፉት። ቧንቧው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ስንጥቅ ቢኖረው እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ የውጩ ወደ ውስጥ አይገባም። እኛ ጋ ግን ውሃ በፈረቃ ነው። ሲቋረጥ ግፊቱ ይጠፋል፣ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፣ በዙሪያው ፍሳሽ የጠጣ አፈር ካለ ደግሞ በዚያችው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲለቀቅ የመጀመሪያው ፈሳሽ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ «ውሃ መጣች!» ብለን ጀሪካን ይዘን የምንሽቀዳደመው ለዚያችው የመጀመሪያ ውሃ ነው። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲገባባት አይተናል። ክረምት፣ የገነፈለ ፍሳሽና የተበከለ ውሃ ሲገናኙ የሚያመጡትን መገመት አያቅተንም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ አመልክቱ። ስታመለክቱ «ማንሆል ሞላ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «የቧንቧ ውሃችንም ተለውጧል፣ ናሙና ይወሰድልን» በሉ። ማንሆሉን የሚያጸዳውና የውሃውን ጥራት የሚያየው ባለሙያ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱም እንዲመጡ ሁለቱንም መናገር ያስፈልጋል። አቤቱታው መመዝገቡን አረጋግጡ፣ ቁጥር ከተሰጣችሁ ያዙት። የብሎኩ ሰው ሁሉ በየፊናው ይደውል። ለወረዳችሁ ጤና ጣቢያም አሳውቁ። ይህንን «ባለሙያ አማክሩ» ለማለት ያህል አይደለም የምለው። ውሃው መበከሉን ወይም አለመበከሉን በዓይንና በአፍንጫ መለየት አይቻልም፣ የላብራቶሪ ሥራ ነው።

እስከዚያው መጀመሪያ የመጣውን ውሃ ለሽንት ቤት ብቻ አውሉት። ቀጥሎ የሚመጣው ጠርቶ ቢታያችሁም ሳታክሙት አትጠጡ። በንጹህ ጨርቅ አጥልሉና መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቶሎ ማውረድ አይገባም። ማገዶ ወይም መብራት ከቸገረ ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያ አለ። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ግን ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን አቅም ያጣል፣ መጀመሪያ ይጥለል። ሎሚ በመጭመቅ አትተማመኑ። ሮቷችሁ በዚያ ውሃ ተሞልቶ ከሆነም ይደፋና ይታጠብ። ጥርስ የሚቦረሽበት፣ ሰላጣ የሚታጠብበት፣ የሕፃን ጡጦ የሚለቀለቅበት ውሃም የታከመ ይሁን። ብዙ ቤት ለመጠጥ አፍልቶ እዚህ ላይ ይዘናጋል።

አፈሩን ግን መድፋት አቁሙ። ተመልሶ መስመሩ ውስጥ ይገባና ደፈናውን ያባብሰዋል፣ ፍሳሹም ስር ለስር ሄዶ ሌላ ቦታ ይወጣል። ድንጋይና ቅርንጫፍ ከብባችሁ ልጆች እንዳይጠጉት አድርጉ። ለሽታው ኖራ ብትነሰንሱበት ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅዬ ማንሆሉ ውስጥ ብደፋው ደፈናውን ያስለቅቃል?

መልስ፦ አይደረግም! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥም ቢሆን እንዳትሞክረው።

ጥያቄ፦ የእንግዳ መታጠቢያ ቤታችን ማንም ሳይጠቀምበት ይሸታል።

መልስ፦ ባለመጠቀማችሁ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው መውረጃ ውስጥ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ደርቋል፣ በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት።

ጥያቄ፦ ከኮልፌ የመጣ ነው። ባለሥልጣኑ ስለዘገየ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ገንዘብ ከተዋጣላቸው ማንሆሉ ውስጥ ገብተው ደፈናውን እናስለቅቃለን ብለዋል። በገመድ እንይዛቸዋለን፣ ክዳኑንም ከፍተን ሽታው እስኪወጣ እንጠብቃለን፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ማንም እንዳይገባ፣ እባካችሁ። ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

የቆመ ፍሳሽ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጥቂት ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ጭራሽ አይሸትም። «ሽታው ወጥቷል፣ ግባ» የሚባለው ያኔ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ በብዛት ካለ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ልጁ ድንገት ይወድቃል። ገመዱን የያዘው ጓደኛው ደንግጦ ተከትሎት ይገባል፣ እሱም አይወጣም። በእንዲህ ያለ አደጋ ከአንድ ሰው በላይ የሚሞተው ለማዳን ሲባል ተከታትሎ እየተገባ ነው።

ደግሞስ መግባት ለምን አስፈለገ? አብዛኛው ደፈና ከላይ ሆኖ በረጅም ዘንግ ወይም በከፍተኛ ግፊት ውሃ በሚረጭ መኪና ይለቀቃል። የግድ መግባት ሲኖር ጋዙን የሚለካ፣ አየር የሚነፋ፣ መታጠቂያ ያለው ባለሙያ ነው የሚገባው። ሰው ወድቆ ካያችሁ ለእሳትና አደጋ በ939 ደውሉና ከላይ ሆናችሁ ጠብቁ። ያዋጣችሁትን ብር ለልጆቹ ለሌላ ሥራ ስጧቸው።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ከላፍቶ ናቸው። የጣሪያቸው ውሃ ግቢያቸውን ስለሚያጥለቀልቅ አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ሊያገናኙት ነው። ጎረቤቶቻቸው አድርገውታል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይተዉት። ክረምት ላይ ማንሆል የሚገነፍልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄው ነው። የፍሳሽ መስመሩ የተለካው ከመጸዳጃ፣ ከማድ ቤትና ከመታጠቢያ ለሚወጣው እንጂ ለሐምሌ ዝናብ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ጣሪያውን ሲለቅበት ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር ላይ ሰገራ ይዞ ይፈነዳል፣ የቀረውም ቃሊቲ ማጣሪያ ድረስ የዝናብ ውሃ ሆኖ ይደርሳል። የጣሪያ ውሃ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው፤ ባይሆን በርሜል ያስቀምጡና ለልብስና ለግቢ ይጠቀሙበት። ጎረቤቶችዎ ማድረጋቸው አያሳምነኝም፣ የእነሱንም ቢያስነቅሏቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ከላይኛው ቤት ሽንት ቤት በኩል ጣሪያዬ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሰውዬው በር አይከፍትም።

መልስ፦ ፎቶ አንሺ፣ ለማኅበራችሁ በጽሑፍ አመልክቺ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የግልና የጋራ የሆነውን ይለያል። ለሁሉም የሚያገለግለው ዋናው ቁልቁል መውረጃ ከሆነ የማኅበሩ፣ የሰውዬው የራሱ መስመር ከሆነ የእሱ ዕዳ ነው። ካልተግባባችሁ የሕግ ባለሙያ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ የገነፈለው ፍሳሽ ዳር ሲጫወት ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ከሽታው ይሆን?

መልስ፦ ሽታ ተቅማጥ አያመጣም፤ እጁን ወደ አፉ ወስዶ ይሆናል። ይህን ስታነቢ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እስክትደርሺ ኦ አር ኤስ በታከመ ውሃ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠሽ በየመሐሉ ጥቂት ጥቂት ስጪው፣ መብላቱንም አትከልክዪው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደከመ፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ከወረደው ድንገተኛ ነው። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደርሺ ለሐኪሙ ሰፈራችሁ ፍሳሽ መገንፈሉን ንገሪው፤ ከእናንተ ሰፈር ሌላ ልጅም በተመሳሳይ ሕመም መጥቶ ከሆነ ቶሎ ያገናኘዋል።